ፋብሪካ ሲከስር የሠራተኛው ድካም የት ይገባል?

ከብዙ ገበሬ ቤት አንድ ልጅ ወደ ከተማ ሄዶ በፋብሪካ ይሠራል። በሐዋሳ ልብስ የሚሰፉ አሉ። በኮምቦልቻ ክር የሚፈትሉ አሉ። በአዲስ አበባ ዙሪያ ቆዳ የሚያለፉ፣ ዱቄት የሚፈጩ፣ ጫማ የሚሠሩ አሉ። እነዚህ ልጆች ከደመወዛቸው ቀንሰው ወደ ቤት ይልካሉ። በዚያ ገንዘብ ማዳበሪያ ይገዛል። የታናናሾቻቸው ደብተር ይገዛል። የእናት መድኃኒት ይገዛል። ስለዚህ ፋብሪካ የከተማ ሰው ጉዳይ ብቻ አይደለም። ጢሱ የሚታየው በከተማ ነው፤ ቀለቡ ግን ገጠር ድረስ ይደርሳል።

አንድ ቀን ታዲያ ስልክ ይደወላል። «ፋብሪካው ተዘጋ። ከስሯል አሉን» ትላለች ልጅ። ቤቱ በሙሉ ይደነግጣል። አባት «ምን አጥፍታ ይሆን ያስወጧት?» ብሎ ያስባል። እናት «ልጄ ዛሬ ምን በላች?» ትላለች። ጎረቤትም የራሱን ወሬ ይጨምርበታል። ልጅቱ ደግሞ ባዶ እጇን ወደ አገሯ መግባት አፍራ በተከራየችው ክፍል ውስጥ ትቀመጣለች። የቤት ኪራዩ ይቆጥራል። ያልተከፈላት የወር ደመወዝ አለ። የአራት ዓመት ድካም አለ። ይህ ሁሉ የት ሊገባ ነው?

በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ይህንን ነው። ኪሳራ ማለት ምን ማለት ነው? ፋብሪካ ሲከስር ለሠራተኛው ምን ይገባዋል? የሚገባውንስ እንዴት አድርጎ ያገኛል? ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር እንናገር። ፋብሪካው ከሰረ ማለት የሠራተኛው መብት ከሰረ ማለት አይደለም።

ኪሳራ ማለት ምን ማለት ነው?

እስቲ ከምናውቀው ነገር እንነሣ። አንድ ገበሬ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር በዱቤ ወሰደ። ዝናቡ ቀረበት። ምርቱ በግማሽ ቀነሰ። ይህ ገበሬ ተጎድቷል። ነገር ግን በግ ሸጦ፣ ከዘመድ ተበድሮ፣ የሚቀጥለውን ዓመት ጠብቆ ዕዳውን ሊከፍል ይችላል። በአንድ ዓመት ጉዳት ሰው ከሰረ አይባልም። ዕዳው ካለው ሀብት ሁሉ ቢበልጥና አበዳሪዎቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ደጁ ላይ ቢቆሙ፣ እሱም ለአንዳቸውም የሚከፍለው ቢያጣ፣ ያን ጊዜ ነገሩ ሌላ ነው።

ፋብሪካም እንዲሁ ነው። አንድ ዓመት ሳያተርፍ ቢቀር ከሰረ አይባልም። በሕግ ከሰረ የሚባለው የደረሰበትን ዕዳ መክፈል ሲያቆምና ፍርድ ቤት ይህንን አጣርቶ ሲወስን ነው። ስለ ኪሳራ የሚናገረው የንግድ ሕጋችን በመጀመሪያ የወጣው በ1952 ዓ.ም. ነበር። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1243 አዲስ ሕግ ወጣ። አዲሱ ሕግ የተቸገረ ድርጅት ከመውደቁ በፊት ከአበዳሪዎቹ ጋር ተስማምቶ እንደገና እንዲቆም መንገድ ይከፍታል። ይህ ካልሆነ ግን ወደ መጨረሻው ይኬዳል።

መጨረሻው ምንድን ነው? ፍርድ ቤቱ ንብረት ጠባቂ ይሾማል። ንብረት ጠባቂው የፋብሪካውን ሀብት ይመዘግባል። መኪናው፣ ሕንፃው፣ ጥሬ ዕቃው፣ ሰው ዘንድ ያለው ገንዘብ ሁሉ ይቆጠራል። ዕዳውም እንዲሁ ይቆጠራል። ከዚያ ሀብቱ ተሸጦ ለባለ ገንዘቦች በሕጉ ቅደም ተከተል ይከፋፈላል። በገጠር ሰው ሲሞት ሽማግሌዎች ተቀምጠው ንብረቱን ይቆጥሩ የለም? መጀመሪያ ዕዳው ይከፈላል፤ የተረፈው ለወራሽ ይሰጣል። የፋብሪካ ኪሳራም ከዚህ ጋር ይመሳሰላል።

ጥፋቱ የማን ነው?

ሰው ብዙ ጊዜ «ሠራተኛው ቢተጋ ኖሮ ፋብሪካው አይከስርም ነበር» ይላል። ይህ ሁልጊዜ እውነት አይደለም። ፋብሪካን የሚጥሉት ነገሮች ብዙ ናቸው። ጥጥ ወይም ቆዳ ሊጠፋ ይችላል። መለዋወጫ መግዣ የውጭ አገር ገንዘብ ሊታጣ ይችላል። መብራት ይቆራረጣል። የባንክ ዕዳ ከነወለዱ ይከመራል። አስተዳዳሪው ሥራውን የማያውቅ ወይም ገንዘብ የሚያባክን ሊሆን ይችላል። ገበያውም ሊዘጋ ይችላል።

አንድ በአገራችን የሆነ ነገር እንንገራችሁ። በሐዋሳ ከተማ በ2008 ዓ.ም. ትልቅ የኢንዱስትሪ ፓርክ ተመረቀ። ከዙሪያው ገጠር ብዙ ወጣቶች፣ በተለይም ሴቶች፣ ልብስ ሊሰፉ ወደዚያ ሄዱ። የሚሰፋው ልብስ አብዛኛው ለውጭ አገር ገበያ ነበር። አሜሪካ በ1992 ዓ.ም. ያወጣችው አጎአ የሚባል ሕግ አለ። በዚህ ሕግ መሠረት የኢትዮጵያ ልብስ ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ይገባ ነበር። በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ ግን አሜሪካ ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ኢትዮጵያን ከዚህ ዕድል አስወጣች። ቀኑ ከመድረሱ በፊት፣ በኅዳር ወር 2014 ዓ.ም.፣ ፒ.ቪ.ኤች. የሚባለው የአሜሪካ ልብስ ድርጅት በሐዋሳ ያለውን ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አስታወቀ።

ይህ ድርጅት አልከሰረም። በሌላ አገር ሥራውን ቀጥሏል። ለሠራተኛዋ ግን ፋብሪካው በኪሳራ ቢዘጋም በሌላ ምክንያት ቢዘጋም የጠዋቱ ደወል ቀርቷል። እሷ መርፌዋን ስትሰፋ ነበር። ገበያው የተዘጋው ከባሕር ማዶ ነው። ስለዚህ ከፋብሪካ የተመለሰ ልጅ ሁሉ ሰነፍ ነው ማለት ትልቅ በደል ነው።

ሦስት ነገሮችን እንለይ

ፋብሪካ ሲቸገር «ነገ አትምጡ» ይባላል። ይህ ቃል ግን ሦስት የተለያዩ ነገሮች ሊሆን ይችላል።

አንደኛው እገዳ ነው። ድርጅቱ የገንዘብ ችግር ሲገጥመው ሥራውን ለጊዜው ሊያቆም ይችላል። ይህንን ግን በራሱ ፈቃድ ብቻ አያደርገውም። ለመንግሥት የሥራ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ማስታወቅ አለበት። እገዳው ከ90 ቀን በላይ ሊሆን አይችልም። በእገዳ ጊዜ የሥራ ውሉ አልሞተም፤ ተኝቷል እንጂ።

ሁለተኛው ቅነሳ ነው። ፋብሪካው ይቀጥላል፤ ነገር ግን ከሠራተኛው መካከል የተወሰነው ይሰናበታል። በዚህ ጊዜ ማን ይቅር፣ ማን ይሂድ የሚለው በዘመድ ወይም በጥላቻ አይወሰንም። ሕጉ ቅደም ተከተል አስቀምጦለታል። በሙያውና በሥራው ውጤት የበለጠው ይቀራል። በዚህ እኩል ከሆኑ ደግሞ የአገልግሎት ዘመንና የሚጦሩት ቤተ ሰብ ብዛት ይታያል።

ሦስተኛው ጨርሶ መዘጋት ነው። በኪሳራ ወይም በሌላ ምክንያት ፋብሪካው ለዘለቄታው ሥራውን ሲያቆም የሥራ ውሉ በሕግ ይቋረጣል።

እንግዲህ ሠራተኛው «አትምጡ» ሲባል ዝም ብሎ ወደ ቤቱ መሄድ የለበትም። «ታገድን ወይስ ተቀነስን ወይስ ተዘጋ? በጽሑፍ ይሰጠን» ማለት አለበት። የሚገባው ነገር በዚህ መልስ ይለያያልና።

ፋብሪካ ሲዘጋ ለሠራተኛው ምን ይገባዋል?

በ2011 ዓ.ም. የወጣ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ አለ። ቁጥሩ 1156 ነው። ይህንን ቁጥር በቃል መያዝ ይጠቅማል። አዋጁ ፋብሪካ ሲዘጋ ለሠራተኛው የሚከተሉትን ይሰጠዋል።

1ኛ. ያልተከፈለ ደመወዝ። የሠራበት ቀን ሁሉ፣ የትርፍ ሰዓቱም ጭምር ይከፈለዋል።

2ኛ. ያልወሰደው የዓመት ፈቃድ በገንዘብ። ሠራተኛ በመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ፈቃድ አለው። ሳያርፍበት ውሉ ከተቋረጠ ያ ዕረፍት ወደ ገንዘብ ይለወጥለታል።

3ኛ. የስንብት ክፍያ። የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ይህ ይገባዋል። ለመጀመሪያው ዓመት የቀን ደመወዙ በ30 ይባዛል። ከዚያ በኋላ ለሠራበት ለያንዳንዱ ዓመት የዚህ አንድ ሦስተኛ ይጨመርለታል። አንድ ዓመት ያልሞላውም እንደ ሠራበት ጊዜ ታስቦ ይከፈለዋል። ድምሩ ግን ከ12 ወር ደመወዝ አይበልጥም።

4ኛ. ተጨማሪ ክፍያ። ውሉ የተቋረጠው ፋብሪካው በመዘጋቱ ወይም በቅነሳ ከሆነ የቀን ደመወዙ በ60 ተባዝቶ ይጨመርለታል። ብዙ ሠራተኛ ይህንን አያውቅም። ስላላወቀም አይጠይቅም።

5ኛ. የሥራ ምስክር ወረቀት። ምን ሥራ እንደ ሠራ፣ ስንት ዓመት እንደ ሠራ፣ ደመወዙም ስንት እንደ ነበረ የሚገልጽ ወረቀት ያለ ክፍያ ይሰጠዋል። ይህ ወረቀት ለሚቀጥለው ሥራ መግቢያ በር ነው።

ከዚህ ሌላ የጡረታ ነገር አለ። በግል ድርጅት ለሚሠራ ሰው በየወሩ የጡረታ መዋጮ ይገባለታል። ከ100 ብር ደመወዝ 7 ብር ከሠራተኛው ይቆረጣል። አሠሪው ደግሞ ከራሱ 11 ብር ይጨምራል። ይህ ገንዘብ የፋብሪካው አይደለም። የገባው መዋጮ በጡረታ መሥሪያ ቤት ይመዘገባል፤ ሠራተኛው ሌላ ድርጅት ሲቀጠር የቀድሞው ዘመን ከአዲሱ ጋር ይቆጠርለታል። ነገር ግን የተቸገረ አሠሪ ከደመወዝ ቆርጦ ሳያስገባ የሚቀርበት ጊዜ አለ። ያን ጊዜ ነገሩ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ይሆናል። ስለዚህ ሠራተኛው ፋብሪካው ሳይዘጋ በፊት መዋጮው መግባቱን መጠየቅ አለበት።

ሒሳቡን አብረን እናስላ

እንበልና አንዲት ሠራተኛ በአንድ ፋብሪካ 4 ዓመት ሠራች። የቀን ደመወዟ በአማካይ 100 ብር ነው። ፋብሪካው ከሰረና ተዘጋ። የ20 ቀን ደመወዝ አልተከፈላትም። 10 ቀን የዓመት ፈቃድ አላት። ስንት ይገባታል?

ያልተከፈለ ደመወዝ፦ 20 ጊዜ 100 = 2,000 ብር።
የዓመት ፈቃድ፦ 10 ጊዜ 100 = 1,000 ብር።
የስንብት ክፍያ ለመጀመሪያው ዓመት፦ 30 ጊዜ 100 = 3,000 ብር።
ለቀሪዎቹ 3 ዓመታት፦ የ3,000 አንድ ሦስተኛ 1,000 ነው። 3 ጊዜ 1,000 = 3,000 ብር።
ፋብሪካው በመዘጋቱ የሚጨመር፦ 60 ጊዜ 100 = 6,000 ብር።
ድምር፦ 15,000 ብር።

ከዚህ ላይ ሕግ የሚያዘው ግብር ሊቀነስ ይችላል። ቢሆንም ልብ በሉ። ልጅቱ መብቷን ባታውቅ ኖሮ «የ20 ቀን ደመወዜን ስጡኝ» ብላ 2,000 ብር ተቀብላ ትሄድ ነበር። የቀረው 13,000 ብር ባለማወቅ ይቀር ነበር። መደመርና ማባዛት የተማርነው ለዚህ ጊዜ ነው።

ማን ይቅደም?

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ መጣን። ፋብሪካው ለባንክ ዕዳ አለበት። ለመንግሥት ግብር አለበት። ጥጥ ለሸጠለት ነጋዴ አለበት። ለሠራተኛውም አለበት። ሀብቱ ተሸጦ ለሁሉም አይበቃም። ታዲያ ማን ይቅደም?

የሠራተኛ አዋጁ ሠራተኛው ከሥራው የተነሣ የሚጠይቀው ክፍያ ከሌሎች ዕዳዎች ይቀድማል ይላል። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ባንክ ብዙ ተበዳሪ አለው። ነጋዴም ብዙ ደንበኛ አለው። ሠራተኛው ግን ያለው ጉልበቱ ብቻ ነው፤ እሱንም አስቀድሞ ሰጥቷል። የዕለት ጉርሱም ከዚያ ነው። ፋብሪካው ሲፈርስ ሒሳቡን የሚያጣራው ሰው የሚመለከተው ባለ ሥልጣን ከወሰነበት ቀን ጀምሮ በ30 ቀን ውስጥ ለሠራተኛው መክፈል አለበት። በዚያ ጊዜ ገንዘብ ከሌለ፣ ገንዘቡ እንደተገኘ ይከፈላል።

ይህ ጥሩ ሕግ ነው። ነገር ግን ሁለት ችግሮች አሉበት። አንደኛ፣ ባንክ ሕንፃውንና መኪናውን በመያዣ ይዞ ሊሆን ይችላል። «መያዣዬን ልሽጥ» ብሎ ሲነሣ ከሠራተኛው ጋር ክርክር ሊመጣ ይችላል። ያን ጊዜ ሠራተኛው «እኔም አለሁ» ብሎ በጊዜ ካልቀረበ ንብረቱ ተሸጦ ሊያልቅ ይችላል። ሁለተኛ፣ ጎተራው ባዶ ከሆነ መቅደም ምን ይጠቅማል? ባዶ ጎተራ በር ላይ የመጀመሪያው ሰልፈኛ መሆን ሆድ አይሞላም።

በሌላ አገር ምን ያደርጋሉ?

ይህ የባዶ ጎተራ ችግር በእኛ አገር ብቻ ያለ አይደለም። የዓለም የሥራ ድርጅት በ1992 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ቁጥር 173 የሚባል ስምምነት አወጣ። ስምምነቱ አሠሪ ሲከስር ሠራተኛውን ለመጠበቅ ሁለት መንገድ ያሳያል። አንደኛው የሠራተኛው ገንዘብ ከሌላው ዕዳ እንዲቀድም ማድረግ ነው። ይህ የእኛም ሕግ መንገድ ነው። ሁለተኛው አሠሪው መክፈል ሲያቅተው በእሱ ምትክ የሚከፍል የዋስትና ገንዘብ ማቋቋም ነው።

ሁለተኛው መንገድ እንዴት እንደሚሠራ በስዊድን አገር የሆነውን እንይ። በሰሜን ስዊድን ሼሌፍቴዎ የምትባል ከተማ አለች። በዚያ ኖርዝቮልት የሚባል ኩባንያ ለመኪና የሚሆን ባትሪ የሚሠራ ትልቅ ፋብሪካ አቋቋመ። ከብዙ አገር ሠራተኛ መጣ። ከተማዋም በፋብሪካው ተስፋ ጣለች። ኩባንያው ግን ባትሪውን በሚፈለገው ብዛትና ጊዜ ማውጣት አቃተው። ዕዳው ከመጠን በላይ ሆነ። በመጋቢት 3 ቀን 2017 ዓ.ም. በስዊድን መክሰሩን አስታወቀ። በዚያን ጊዜ በአገሪቱ 5,000 ያህል ሠራተኞች ነበሩት። እንግዲህ ሀብታም አገር ውስጥም ፋብሪካ ይወድቃል።

ልዩነቱ ከወደቀ በኋላ ባለው ነገር ነው። በስዊድን የደመወዝ ዋስትና የሚባል ሕግ አለ። አሠሪ ሲከስር ፍርድ ቤት የሾመው ንብረት ጠባቂ የሠራተኛውን ሒሳብ ይመረምራል። ከዚያ መንግሥት ያልተከፈለውን ደመወዝ፣ የተወሰነ ወሰን ድረስ፣ ለሠራተኛው ይከፍላል። መንግሥት ደግሞ በሠራተኛው ቦታ ሆኖ ከከሰረው ኩባንያ ንብረት ላይ ገንዘቡን ይጠይቃል። ሠራተኛው የጨረታውን ማለቅ አይጠብቅም። የሚጠብቀው ጉልበት ያለው መንግሥት ነው። ከዚህም ሌላ ሠራተኛው በየወሩ መዋጮ የሚከፍልበት የሥራ አጥነት መድን አለ። ሥራ ሲያጣ ሌላ ሥራ እስኪያገኝ ከዚያ ይደጎማል።

ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። እድር ማለት ምን ማለት ነው? ሁሉም በደኅናው ቀን ጥቂት ጥቂት ያዋጣል። ኀዘን የገባበት ሰው ያን ቀን ብቻውን አይቆምም። የደመወዝ ዋስትናም በአገር ደረጃ የተቋቋመ እድር ነው። በአገራችን እንዲህ ያለ የዋስትና ገንዘብም፣ ለሥራ አጥ በየወሩ የሚከፈል መድንም የለም። ስለዚህ የእኛ ሠራተኛ በሕጉ የተሰጠውን ቅድሚያ አጥብቆ መያዝ ይኖርበታል።

ታዲያ ምን እናድርግ?

በመጀመሪያ ወረቀት እንያዝ። ልጅ ፋብሪካ ሲቀጠር የሥራ ውሉን በጽሑፍ ይጠይቅ። ውል በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የሥራውን ሁኔታ የሚገልጽ የተፈረመ ጽሑፍ መስጠት አለበት። ጽሑፍ አለመኖሩ ብቻውን የሠራተኛውን መብት አያስቀርም፤ ማስረዳቱን ግን ያከብደዋል። የደመወዝ ወረቀት፣ የፋብሪካ መታወቂያና የጡረታ ቁጥር በአንድ ቦታ ይቀመጡ። ግልባጩ ገጠር ቤት ቢቀመጥ ደግሞ የበለጠ ነው። ዝናብ የማይነካው ሣጥን ውስጥ ይሁን።

ሁለተኛ፣ ምልክቱን እንወቅ። ደመወዝ በየወሩ መዘግየት ሲጀምር፣ ጥሬ ዕቃ ሲያንስ፣ መኪኖች ቆመው ሲውሉ፣ ሌሊት ዕቃ ተጭኖ ሲወጣ፣ ነገሩ ደኅና አይደለም። ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ያን ጊዜ ሠራተኛው ያልተከፈለውን ቀን በደብተር ይጻፍ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ገንዘቡን ይጻፍ።

ሦስተኛ፣ ሳናነብ አንፈርም። ፋብሪካ ሲዘጋ ጥቂት ገንዘብ ይሰጥና «እዚህ ላይ ፈርም» ይባላል። በወረቀቱ ላይ «የሚገባኝን ሁሉ ተቀብያለሁ፤ ሌላ ጥያቄ የለኝም» የሚል ተጽፎ ሊሆን ይችላል። ድሮ አባቶቻችን በማያነቡት ወረቀት ላይ በጣታቸው እየፈረሙ መሬት አጥተዋል። ዛሬ ፊደል የቆጠረ ሰው ለምን እንዲህ ይሆናል? ያነብባል። ያልገባውን ያስነብባል። የተቀበለውን ገንዘብ ልክ ብቻ ጽፎ ይፈርማል።

አራተኛ፣ በአንድነት እንሂድ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። በአንድ ድርጅት 10 ሠራተኞች ካሉ የሠራተኛ ማኅበር ሊያቋቁሙ ይችላሉ። ማኅበር ያለበት ፋብሪካ ሲዘጋ የሁሉም ሒሳብ በአንድ ዝርዝር ለንብረት ጠባቂው ይቀርባል። ማኅበር ከሌለም ሠራተኞቹ ተሰብስበው ተወካይ መምረጥ ይችላሉ።

አምስተኛ፣ ጊዜው አይለፈን። በውሉ መቋረጥ ምክንያት የሚጠየቅ ክፍያ ውሉ ከተቋረጠበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ መጠየቅ አለበት። የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄም መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ 6 ወር ነው ያለው። ከዚያ በኋላ ይርጋ ያግደዋል። ስንቱ ሠራተኛ ነው «ነገ ይከፍሉናል» እየተባለ ስድስት ወር ያለፈው! በቃል የተሰጠ ተስፋ ይርጋን አያቆመውም። አቤቱታው በአካባቢው ለሚገኘው የሥራ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ይቀርባል፤ ካልተሳካም ወደ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ይኬዳል። ለእንዲህ ያለው ክስ የዳኝነት ገንዘብ አይጠየቅም።

ቤተ ሰብ ምን ያድርግ?

ሕግ የማይሠራው ሥራ አለ። ያ የቤተ ሰብ ሥራ ነው።

ልጅቱ ስትደውል የመጀመሪያው ቃላችን «ምን አጠፋሽ?» መሆን የለበትም። «ደኅና ነሽ? ወረቀትሽን ይዘሻል?» እንበላት። አፍራ ከተማ ውስጥ ብትቀር የማይሆን ሥራ ላይ ልትወድቅ ትችላለች። ደላላ ስለ ዐረብ አገር የሚያወራላት በዚህ ጊዜ ነው። በእጇ ምንም የሌላትና ቤቷን የፈራች ልጅ ደላላን ታምናለች።

ደግሞም ሁልጊዜ ወዲያውኑ «ነይ ተመለሽ» ማለት አይበጅም። ገንዘቧን ለመጠየቅ ከጓደኞቿ ጋር እዚያው መቆየት ሊያስፈልጋት ይችላል። በእነዚያ ሳምንታት ቤት የቻለውን ቢልክላት፣ ጤፍም ሆነ በሶ፣ ገንዘቡ እስኪወጣ ትታገሣለች። ለዓመታት ከከተማ ወደ ገጠር ሲመጣ የነበረው እርዳታ አሁን ከገጠር ወደ ከተማ ቢሄድ ምን ነውር አለው?

ገንዘቡ ሲወጣም በአንድ ድግስ እንዳያልቅ እንምከር። የስፌት መኪና ሊሆን ይችላል። ሁለት በግ ሊሆን ይችላል። ሌላ ሥራ እስኪገኝ የቤት ኪራይ ሊሆን ይችላል። የአራት ዓመት ድካም ነውና ለነገ የሚሆን ነገር ይሁን።

ለማጠቃለል ያህል፣ ፋብሪካ እንደ ሰው ይወድቃል። ሲወድቅ አበዳሪዎቹ ሁሉ ወረቀታቸውን ይዘው ይመጣሉ። ሠራተኛውም ወረቀቱን ይዞ፣ ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ፣ በጊዜ ይምጣ። ሕጉ ከፊት አስቀምጦታል። ከፊት ያለውን ቦታ ባለማወቅ ለሌላ መልቀቅ ግን የራሳችን ጥፋት ይሆናል። ይህንን ያነበበ ሁሉ ላላነበበው ጎረቤቱ ያንብብለት።

ለመወያያ የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. አንድ ፋብሪካ በአንድ ዓመት ሳያተርፍ ቢቀር ከሰረ ይባላል? ለምን?
2. እገዳ፣ ቅነሳና መዘጋት በምን ይለያያሉ?
3. አንድ ሠራተኛ በቀን 90 ብር እያገኘ 3 ዓመት ሠራ። ፋብሪካው ቢዘጋ የስንብት ክፍያውና የ60 ቀኑ ተጨማሪ ስንት ይሆናል? (መልሳችሁ 9,900 ብር ከሆነ በትክክል አስልታችኋል።)
4. የደመወዝ ዋስትና ከእድር ጋር የሚመሳሰለው በምንድን ነው?
5. ከመንደራችሁ በፋብሪካ የሚሠራ ልጅ አለ? የሥራ ውሉና የደመወዝ ወረቀቱ የት እንዳለ ጠይቁት።